የወደቀውን ግንድ ተዉት

ልጆች፣ እኔ ሰላሳ ምናምን ዓመት ደን ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ደን ምን ይመክሩናል ስትሉኝ ችግኝ ትከሉ እንድላችሁ ነው የምትጠብቁት አይደል? እሱንማ ሁሉም ይላችኋል። እኔ የምላችሁ የሞተውን እንጨት ተዉት ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ አሮጌ ደን ላይ ተመደብኩና የመጀመሪያ ሥራዬ ምን መሰላችሁ፣ ጽዳት! የወደቀ ግንድ፣ ቆሞ የደረቀ ዛፍ፣ ጉቶ ሁሉ እየተቆረጠ ይወጣል፣ የተረፈው ተከምሮ ይቃጠላል፣ እኔ ደግሞ ሪፖርት እጽፋለሁ። ደኑ የተወለወለ ሳሎን መሰለ፣ ኮራን። ከጥቂት ዓመት በኋላ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ «ደኑ ዝም አለ እኮ» አለኝ። ቆም ብዬ ሳዳምጥ እውነትም ያ ጠዋት ጠዋት ቋ ቋ ቋ የሚለው ግንደ ቆርቁር የለም፣ እኔ ባለሙያ ተብዬው አላስተዋልኩም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚቆፍረው ብዙ ጊዜ ውስጡ በላላ ዛፍ ላይ ነው፣ ምግቡም እዛው እንጨት ውስጥ ያለ ትል ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ በዓመቱ ሌላ ቀዳዳ ይቆፍርና የድሮውን ትቶት ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ራሳቸው መቆፈር የማይችሉት ትናንሽ ጉጉቶች፣ የሌሊት ወፎች፣ ሌሎች ወፎች ይገቡበታል። አንድ የደረቀ ዛፍ ስትቆርጡ ባለቤቱንም ተከራዩንም ነው የምታስወጡት። ፊንላንድ ውስጥ ብቻ ከ4,000 እስከ 5,000 የሚሆኑ ዝርያዎች በሞተ እንጨት ላይ ጥገኛ ናቸው ተብሎ ይገመታል፣ ይሄ ማለት ደን ውስጥ ከሚኖረው ዝርያ ከ20 እስከ 25 በመቶው ነው።

እስቲ ደን ስትገቡ አንድ የወደቀ ግንድ ፈልጉና ቅርፊቱን ትንሽ ብቻ (ትንሽ ብቻ!) ገለጥ አድርጉ። አንድ ቀጥ ያለ ቦይ ታያላችሁ፣ እናትየዋ ጢንዚዛ እንቁላል እየጣለች የሄደችበት ነው፣ ከግራና ከቀኙ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ፣ ትሎቹ እየበሉ ሲወፍሩ መስመሩም አብሯቸው እየሰፋ ይሄዳል። ከዛ እንጨቱን በጣታችሁ ፈተሽ አድርጉት። ቡናማ ሆኖ እንደ ሸክላ ስብርባሪ አራት ማዕዘን እየሆነ ከተፈረፈረ፣ ፈንገሱ ሴሉሎሱን (የእንጨቱን ቃጫ) በልቶ ሊግኒኑን (ቃጫውን አጣብቆ የሚያጠነክረውን) ትቶታል ማለት ነው። ነጣ ብሎ እንደ ቃጫ ከተተለተለ ደግሞ ሊግኒኑንም የሚበላው ዓይነት ነው የገባበት። እያንዳንዱ የራሱ እንግዳ አለው፣ ቆሞ የደረቀውና የተጋደመው፣ ፀሐይ ያገኘውና ጥላ ውስጥ ያለው፣ ትናንት የወደቀውና ሃምሳ ዓመት የቆየው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም፣ ስለዚህ «አንድ ግንድ ትተናል ይበቃል» የሚባል ነገር የለም።

ደሞ ጊዜ ይፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ ቀንድ የመሰለ ትልቅ መንጋጋ ያለው ጢንዚዛ አለ፣ ትሉ አፈር ውስጥ የበሰበሰ እንጨት እየበላ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይቆያል፣ ካደገ በኋላ የሚኖረው ግን አንድ በጋ ገደማ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ጉቶውን ነቅላችሁ ብትወስዱ አለቀ። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ማርክ ሃርመን የሚባል ሳይንቲስት በ1985 (በፈረንጅ) ከ500 በላይ ግንዶች ደን ውስጥ አስቀምጦ እንዴት እንደሚበሰብሱ የሚከታተል ጥናት ጀመረ፣ የታቀደለት ጊዜ 200 ዓመት ነው! ማብቂያውን እንደማያየው እያወቀ ነው የጀመረው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ያስቀናኛል፣ እኛ የሦስት ወር ሪፖርት ስንጽፍ ነው ያረጀነው።

«ታዲያ መንገድ ላይ ሊወድቅ የደረሰውስ?» ትሉኝ ይሆናል፣ እሱንማ ቁረጡት፣ ሰው ይቀድማል። ግን ቆርጣችሁ እዛው አጋድሙት፣ አትጎትቱት። ስዊድኖች ዛፍ ሲያጭዱ አንዳንዱን ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ቆርጠው ግንዱን ቆሞ እንዲደርቅ ይተዉታል፣ ርካሽና ጥሩ ዘዴ ነው።

የምለምናችሁ ነገር ቢኖር አንድ ግንድ ምረጡና በየዓመቱ በዛው ወቅት፣ ከዛው ቦታ ሆናችሁ ፎቶ አንሱት። እኔም ጥፋቴ ከገባኝ በኋላ አንዱን ደብቄ አስቀርቼው ነበር፣ እስካሁን እየሄድኩ አየዋለሁ። ድሮ ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የማርፈው፣ ዘንድሮ ምርኩዜን ደገፍ ሳደርግበት ግማሹ ድረስ ሰመጠ፣ ስስበው ጫፉ ላይ ጥቁር አፈር ይዞ ወጣ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ሰባት ችግኝ ቆጠርኩ፣ ማንም አልተከላቸውም።