በፀሐይ ዙሪያ ክብ ላየኸው ወንድሜ፦ ሌንስ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ «እኩለ ቀን ላይ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ሆኜ በፀሐይ ዙሪያ ትልቅ ክብ አየሁ፤ ምንድን ነው? ለማንሳትስ ምን ሌንስ ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የከሰርኩትን አንተ እንዳትከስር ልንገርህ።

1ኛ፦ ሌንስ አትግዛ። ያየኸው የበረዶ ሥራ ነው። ሐዋሳ ቢሞቅም ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው እንደ ነጠላ የሳሳ ደመና ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶችን ይይዛል። ብርሃን በአንዱ ጎናቸው ገብቶ በሌላው ሲወጣ 22 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል፤ ክቡም ከፀሐይዋ በዚያው መጠን ርቆ ይታያል። ከዳር እስከ ዳር 44 ዲግሪ የሚሆን ነገር የሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ ረጅም ሌንስ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የስልክህ ካሜራ ይበቃዋል።

«ቀስተ ደመና ነው» ያሉህን አትስማ። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከአናታችን ስለምትሆን ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አይወጣም።

2ኛ፦ ፀሐይዋን በሆነ ነገር ከልላት። እኔን አንድ የካሜራ ዕቃ ሻጭ፣ ዓላማዬን በዝርዝር ነግሬው ሳለ፣ ረጅም ሌንስና «የፀሐይ ማጣሪያ» ያለውን ጥቁር መስታወት አሸክሞ ሸኘኝ። ማጣሪያ የተባለው ቀለም የተቀባ ተራ መስታወት ነበር፤ የካሜራዬ ሴንሰር ተቃጠለ። ደረሰኜን ይዤ ስመለስ በሰው ፊት አመናጭቆ «አጠቃቀሙን ስላላወቅህበት ነው» አለኝ። ገንዘቡስ ይቅር፤ በዚያ መስታወት ፀሐይን በዓይኑ የሚያይ ልጅ ቢኖርስ? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ ከአገራችን በከፊል ይታያል፤ ያኔም እንዲህ ያለ መስታወት ለሽያጭ መቅረቡ አይቀርም። አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን ዓለም አቀፍ የደህንነት መስፈርት የማያሟላ የግርዶሽ መነጽር ለልጆችህ እንዳትሰጥ፤ ቁጥሩ መነጽሩ ላይ መጻፉ ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ ከምታምነው ሰው ግዛ።

ምርጡን ፎቶዬን ያነሳሁት በዚያ ሁሉ ዕቃ አይደለም። ከታቦር ተራራ ግርጌ ካለ የመንገድ መብራት ሥር ቆሜ፣ የመብራቱ ራስ ፀሐይዋን ሲጋርድልኝ፣ በስልኬ ነው። ቀላ ያለው የውስጥ ጠርዝ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ያየው ሁሉ በምን ካሜራ እንዳነሳሁት ይጠይቀኛል፤ በኩራት እነግረዋለሁ።

3ኛ፦ ቀን ካመለጠህ ጨረቃ ልትሞላ ስትቃረብ ማታ ውጣ። ያው ስስ ደመና ካለ ያው ክብ በጨረቃ ዙሪያ ይሠራል፤ ያኔ ለዓይንህም ለካሜራህም የሚያሰጋ ነገር የለም። ስልክህን ግን አንድ ነገር ላይ አስደግፈው፤ በጨለማ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል።