ከሃዲዱ በፊት የጊዜ ሰሌዳውን ጻፉ፦ ለወጣት የባቡር ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

የባቡር ትምህርት ላይ ላላችሁና በዘርፉ ሥራ ለጀመራችሁ ይህን የምጽፈው፣ ዕድሜዬን በባቡር ትራፊክ ቁጥጥር ሥራ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ ደጋግሜ ያስተዋልኩትን አንድ ጉዳይ ሳልነግራችሁ መቅረት ስለከበደኝ ነው። ስለ ባቡር ስንነጋገር የምናነሣው የሃዲዱን ርዝመት፣ የብድሩን መጠንና የሎኮሞቲቩን ጉልበት ነው፤ ተሳፋሪው ግን የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይነሣል? ስንት ሰዓት ይደርሳል? ነገስ አለ?» ብሎ ነው። ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ የመንገደኞች ባቡር አገልግሎት አለ የሚባለው ለእነዚህ ጥያቄዎች የማያወላውል መልስ ሲኖር ነው። መልሱም የሚገኘው በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን ግንባታው ካለቀ በኋላ ጣቢያ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አድርጋችሁ አትዩት፤ መስመሩ የት ነጠላ (ለመሄጃም ለመመለሻም አንድ ሃዲድ ብቻ)፣ የት ጥንድ እንደሚሆን፣ ስንት ባቡር መገዛት እንዳለበት መወሰን ያለበት እርሱ ነው።

የኛን ታሪክ ስታጠኑ ይህን በልባችሁ ይዛችሁ አጥኑት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ያ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የሆነ መስመር ዘገምተኛ ነበር፤ ነገር ግን በየመንገዱ ይቆም ስለነበር በጣቢያዎቹ ዙሪያ ከተሞች ተቆረቆሩ፤ ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሰጠው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ስፋቱም ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ፣ ከቀድሞው በብዙ የላቀ ነው። የታሰበው ግን በዋናነት ለወደብ ጭነት ነው። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ የባሕር በር ለሌላት ሀገር ጭነቱ መቅደሙ ተገቢ ነው፣ የመስመሩን አብዛኛውን ገቢ የሚያስገኘውም እርሱ ነው። የናንተ ፈተና መንገደኛውን በዚሁ ሃዲድ ላይ ጭነቱን ሳታፈናቅሉ ማስተናገድ ነው።

ይህ ፈተና እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ላሳያችሁ። በመስመሩ ዲዛይን መሠረት የመንገደኞች ባቡር በሰዓት እስከ 120፣ የጭነት ባቡር እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 120 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ ሁለቱ በሙሉ ፍጥነታቸው ቢሄዱ አንዱ 60፣ ሌላው 90 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ጭነቱ ቀድሞ ከወጣ መንገደኛው ቢያንስ 30 ደቂቃ ዘግይቶ መነሣት፣ አለዚያም ጭነቱ አንድ ጣቢያ ላይ ወደ ጎን ወጥቶ ማሳለፍ አለበት። ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ ጥንድ ስለሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ነው። በነጠላ መስመር ላይ ሁለት መተላለፊያ ጣቢያዎች በ20 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ ብንል፣ በመካከላቸው ያለውን መንገድ አንድ የጭነት ባቡር ለ15 ደቂቃ ይይዘዋል፤ በዚያ ጊዜ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣው ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ሲዘገይ የሚጠብቀውም ይዘገያል፣ እርሱን የሚጠብቀውም እንዲሁ፤ ጠዋት አንድ ጣቢያ ላይ የጠፋ ሃያ ደቂቃ ማታ መስመሩን ሙሉ ሲያተራምስ ይገኛል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የሚሠራላችሁ ቢሆንም፣ ጊዜንና ርቀትን በአንድ ወረቀት ላይ የሚያሳየውን የባቡር እንቅስቃሴ ግራፍ በእጃችሁ መሣል ተማሩ። በግራፉ ላይ ሁለት መስመሮች የት እንደሚቆራረጡ በእርሳስ ያልፈለገ ሰው፣ ባቡሮቹ የት እንደሚጋጠሙ በእውነት የሚገባው አይመስለኝም።

ስለ ፍጥነት የሚወራውን ወሬ በጥንቃቄ ስሙ። ሁሉም የሚያደንቀው የጃፓኑን ሺንካንሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮና በኦሳካ መካከል የተከፈተው ያ መስመር አድናቆት ይገባዋል። ይሁንና የራሱ የሆነ፣ ጭነት የማይሄድበት ሃዲድ አለው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ድረስም ባቡር አይሄድበትም፣ ሌሊቱ የጥገና ነውና። እኔ ለኛ ሁኔታ ይበልጥ የምመክረው የስዊዘርላንድን መንገድ ነው። ስዊዘርላንዶች እ.ኤ.አ. በ1982 ባቡሮቻቸው በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሡ አደረጉ፤ ከዚያም በዋና ዋና ከተሞች ባቡሮች ከየአቅጣጫው በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ ደርሰው ተሳፋሪ ተለዋውጠው እንዲለያዩ አቀዱ። ለዚህ እንዲመች ከዙሪክ በርን ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት በታች መሆን ስለነበረበት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በተከፈተው አዲስ ሃዲድ ከ69 ደቂቃ ወደ 56 ደቂቃ ገደማ አወረዱት። መመሪያቸው የተቻለውን ያህል ሳይሆን የሚያስፈልገውን ያህል መፍጠን ነበር። ሃዲዱን የወለደው ሰሌዳው መሆኑን ልብ በሉ።

ድግግሞሽ ከፍጥነት የሚበልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባቡር በየሁለት ቀኑ የሚነሣ ከሆነ፣ ጉዞውን በአንድ ሰዓት ማሳጠር ዛሬ መሄድ ለሚፈልግ ነጋዴ ምንም አይፈይድለትም፤ አውቶቡሱ ጠዋት በ11 ሰዓት ከደጁ ይነሣልና። አዲስ ባቡር የሚገዛበት ገንዘብ ሲገኝ፣ ያሉት ባቡሮች በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠሩና ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ተጨማሪው ጉዞ የሚገኘው መጠገኛ ውስጥ ነው፤ መለዋወጫ በወቅቱ ባለመድረሱ የቆመ ባቡር ካልተገዛ ባቡር አይሻልም።

ጣቢያውን በተመለከተ ዘለግ አድርጌ ባወራ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጉዳዩ ያንገበግበኛል። የድሮው ለገሃር በከተማው እምብርት ላይ ነበር። አዲሶቹ ጣቢያዎች ግን ከከተሞቹ መሐል ራቅ ብለው ተሠሩ፤ የመሬት ካሳው፣ ሰፊ ኩርባ የመፈለጉና የጭነቱ ነገር ያስገደደው ውሳኔ ነው። የአዲስ አበባው ፉሪ-ለቡ ጣቢያ በከተማዋ ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ የከተማው ቀላል ባቡር በደቡብ ቃሊቲ፣ በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ስለሚያበቃ ወደዚያ አያደርስም። ሻንጣ የያዘች እናት ከፒያሳ ለቡ ለመድረስ የምታወጣው ጊዜና ገንዘብ የባቡር ጉዞዋ አካል ነው፤ እናንተ በሰሌዳችሁ ባትቆጥሩትም እሷ ትቆጥረዋለች። የኬንያው የናይሮቢ ጣቢያም ሲዮኪማው ላይ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ነገር ግን ከመሐል ከተማው አሮጌ ጣቢያ ተነሥቶ ተሳፋሪውን የሚያደርስ አገናኝ ባቡር አለው። እኛም ሃዲድ ባንዘረጋ፣ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተቆራኘ፣ ባቡሩ ሲዘገይ የሚጠብቅ አውቶቡስ ማሰማራት ይገባናል። ትኬቱም አንድ ቢሆን እወዳለሁ።

ደኅንነትን ከሰሌዳ ነጥላችሁ አትዩ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ የመንገደኞች ባቡር በከፍተኛ ፍጥነት ኩርባ ላይ ገብቶ ከሃዲዱ በመውጣት ገደል በገባበት አደጋ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በሰሌዳው ላይ የመጠባበቂያ ደቂቃ ካልተተወ፣ የዘገየ ባቡር ነጂ ሰዓቱን ለማካካስ ይፈተናል፤ ስለዚህ መጠባበቂያውን እንደ ብክነት የሚቆጥር አለቃ ቢገጥማችሁ በጽሑፍ ተከራከሩት። መስመሩ የሚያልፍባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎችም አሉ፤ ከብትና ግመል ሃዲድ ሲያቋርጥ ይገጫል፣ ባቡሩም ይቆማል። አጥሩ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከብቱ የሚሻገርበትን ቦታ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ሳይመክሩ የተሠራ አጥር ብዙ አይቆይም። የመዘግየቱን ምክንያት በየቀኑ በየዓይነቱ መዝግቡ፤ ኃይል መቋረጥ፣ ከብት፣ ሲግናል፣ የራሳችን ስንፍና፣ ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ።

አንድ መስመር ብቻውን ሀገር አቀፍ አገልግሎት አይሆንም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመር ለመንገደኛ አገልግሎት ሲውል፣ አዋሽ እውነተኛ መገናኛ ትሆናለች፤ ከድሬዳዋ የመጣ ወሎ ሊሄድ፣ ከወሎ የመጣ አዲስ አበባ ሊገባ እዚያ ይወርዳል። ባቡሮቹ እዚያ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ዛሬውኑ ጻፉት፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ከለቡና ከድሬዳዋ መነሻ ሰዓታችሁን ታገኛላችሁ።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ የቁልቢ ገብርኤልን በዓል ውሰዱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ምእመናን ከሀገሪቱ ማዕዘናት ወደ ምሥራቅ ይጎርፋሉ፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ድንገተኛ ነበር የሚል ሰበብ የላችሁም። ከድሬዳዋ ጣቢያ በደንገጎ ዳገት ወደ ቁልቢ የሚወጡትን አውቶቡሶች ቁጥር፣ በበዓሉ ዋዜማ ለየትኛው የጭነት ባቡር ሰዓት እንደሚቀየርለት፣ ተጨማሪ ፉርጎዎቹ ከየት እንደሚመጡ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት በግራፉ ላይ አስፍሩ። የመመለሻውን ባቡር ግን በዓሉ ካበቃ በኋላ ሕዝቡ ከደንገጎ ወርዶ ጣቢያ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ እዚያው ሄዳችሁ ሳትለኩ አትመድቡት።