እጃቸውን ቅዱ፣ ሰዓታቸውን ተዉት

ቶሮንቶ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ አንድ ሃንጋሪያዊ ቧንቧ ሠሪ ዘንድ ተቀጠርኩ። ከአገሬ የወጣሁት የታሪክ ዲግሪ ይዤ ነው። ስለ ቧንቧ የማውቀው ሲበላሽ ሰው መጥራትን ብቻ ነበር። ለእናቴ «መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤቱ የሰው ቤት ምድር ቤት ነበር፤ ጉልበቴ ድረስ ውኃ ሞልቶት።

አለቃዬ የቡዳፔስት ልጅ ናቸው። በ1956 ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይ ሲነሳ 19 ዓመታቸው ነበር፤ ያኔም የቧንቧ ሥራ ተለማማጅ ነበሩ። ኖቬምበር 4 ቀን የሶቪየት ታንኮች ገብተው አመፁን ደፈጠጡት። ወደ 200,000 ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ፤ አብዛኛው በኦስትሪያ በኩል። እሳቸውም በሌሊት በእግራቸው ድንበር ተሻገሩ። ካናዳ 37,000 ያህሉን ተቀበለች፤ የመጓጓዣውንም ወጪ መንግሥት ቻለ። (እኛ ስንወጣ እንዲህ ዓይነት አቀባበል አልጠበቀንም። እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።) እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ዘመድ የላቸውም። ሙያ ግን ነበራቸው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ አገራቸው ስም አወጣጥ አጫወቱኝ። ሃንጋሪ ውስጥ የቤተሰብ ስም ይቀድማል። በጣም ከተለመዱት አንዱ «ኮቫች» ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። «ሳቦ» ደግሞ ልብስ ሰፊ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በኩራት የሚጠራበት ስም! እኛ ጋ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ማረሻውን ከሠራለት ሰው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥም የተባለበት አገር ልጆች ነን። ያንን ነገር በሻንጣችን ይዘነው መጥተናል። ዲግሪ ያለው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ፓርኪንግ ቁጭ ብሎ ያድራል፤ ቱታ ልበስ ሲሉት ግን «ሰው ምን ይለኛል» ይላል። እኔም ብዬ ነበር።

እሳቸው ታዲያ መፍቻ ከማስያዛቸው በፊት ወስደው አስመዘገቡኝ። ይህንን ልብ በሉልኝ። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ውስጥ ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠሪ ለመሆን 9,000 ሰዓት ተለማማጅነት ይጠይቃል፤ አምስት ዓመት ገደማ ነው፣ ከዚያ ፈተና አለው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተከፈላችሁ ነው የምትማሩት። ጀርመን ያላችሁ አውስቢልዱንግ የምትሉት የዚሁ ወንድም ነው፤ ለቧንቧና ማሞቂያ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። አሜሪካ በየስቴቱ ስለሚለያይ የራሳችሁን ስቴት ጠይቁ። አብሮኝ የመጣ ጓደኛዬ ሌላ ቀጣሪ ዘንድ ሁለት ዓመት በጥሬ ገንዘብ ሳይመዘገብ ሠራ። በኋላ ሰዓቱን የሚመሰክርለት ወረቀት ስላልነበረው ከዜሮ ጀመረ። ሰዓታችሁን በየሳምንቱ ጻፉ፣ አሠሪያችሁን አስፈርሙ። ለጉልበታችሁም መከላከያ ግዙ፤ በሃምሳ ዓመታችሁ ታመሰግኑኛላችሁ።

እሳቸውን ሙሉ በሙሉ ምሰሉ ግን አልልም።

እኔ ሳውቃቸው ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሣሪያቸውን ጠርገው ወደ ቤት የሚገቡ ሰው ነበሩ። ደንበኛ ቢለምን፣ እጥፍ ቢከፍል፣ ወይ ፍንክች። እሑድ ስልክ አያነሱም። እኔ ባሕርያቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት እሑድም ፋሲካም ሳይሉ ሠርተዋል። ቤቱን ገዙ። ታላቋ ልጃቸው ግን ያደገችው ሃንጋሪኛ ሳትሰማ ነው፤ ልጅቷ ስትነቃ አባትየው የሉም፣ ሲመጡ ተኝታለች። ከታናናሾቿ ጋር በአፍ መፍቻቸው ይቀልዳሉ። ታላቋ ስትደውል ወደዚያ ስብርባሪ እንግሊዝኛቸው ይመለሳሉ፤ ድምፃቸው ራሱ ይቀንሳል። ከእኛ ስንቱ ቤት እንዲህ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ማድረስ ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን እራት ላይ መገኘት ነው።

ሌላም አለ። በ1963 የሃንጋሪ መንግሥት ምሕረት ሲያውጅ ወጥተው የነበሩት ለጥየቃ መመለስ ቻሉ። እሳቸው የቤቱ ዕዳ ይለቅ ብለው ቆዩ። መርዶው ቀደማቸው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሄዱ አልጠየቅኳቸውም።

ፈቃዴን ያገኘሁ ሰሞን ሥራ ጎርፎልኝ ነበር። የወሩን ፕሮግራም በኩራት አሳየኋቸው። አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናትህ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ።

«ሰባ አንድ» አልኩ።

እርሳሳቸውን አነሱና በሦስት ሳምንቱ ላይ መስመር ሳቡበት። ያንን ሁሉ ሥራ ራሳቸው ሸፈኑልኝ።