ክላሽ ለሚነክስበት፦ የትኛውን ካዝና ልግዛ?

ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን ተነቃይ ሣጥን እንጂ ጠመንጃውን አትጠርጥር። በፈቃድ የያዝከው ክላሽ ሁለተኛውን ጥይት ሲያጎርስ ይነክሳል (ጥይቱ ይቀረቀራል)፣ ሌላ ካዝና ልግዛ ወይ ብለሃል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካዝናው ነው።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ ካዝናውንም አራግፈህ ብርሃን ላይ ያዘው።

1. ከላይ ጥይቱን አቅፈው የሚይዙትን ሁለቱን ከንፈሮች እይ። አንዱ ከሌላው ተከፍቶ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ተወው። በፒንሳ አስተካክላለሁ እንዳትል፤ ለአንድ ቀን ይሠራና መልሶ ጉድ ያደርግሃል።
2. ጥይቱን የሚገፋውን ክፍል በጣትህ ተጫነው። ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ውስጡ ዝጓል።
3. የካዝናውን የፊት ጫፍ ጠመንጃው ውስጥ አስገብተህ ወደ ኋላ ስትስበው "ቀጭ" ይበል። ትንሽ መወዛወዝ የክላሽ ባሕርይ ነው።

ለመግዛት ከሆነ 30 ጥይት የሚይዘው ተራው የብረት ካዝና ይበቃሃል። ከበሮ የሚመስለው ክብ ካዝና ለፎቶ ነው የሚያምረው። የ7.62 ሚሊሜትር ጥይት ካዝና መሆኑን እይ፤ የ5.45ቱ አይሆንህም።

ከመንገድ ሰው ግን አትግዛ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ይከለክላል። ፈቃዱን የሰጠህ ፖሊስ ጋ ወረቀትህን ይዘህ ሂድና ትርፍ ካዝና ይፈቀድልህ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ባሕር ዳር፣ በተለይ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች፣ እርጥበቱ ክፉ ነው። ካዝናን በጨርቅ ዝናር ውስጥ ክረምቱን ሙሉ አታስቀምጥ፤ ከውጭ ያብረቀርቃል፣ ሞላው ግን ቀይ ዝገት ለብሶ ታገኘዋለህ። ዘይትም አታጥግበው፣ አቧራ ይሰበስባል። ዘይት በነካው ጨርቅ ወልውልና በደረቅ ድገመው።