«ሕፃናት ስለምወድ» ብቻ ከሆነ ምክንያትሽ፣ ትንሽ ቆይ

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎችም ስለሚያነቡት ጉዳዩን አሳጥሬ ላስቀምጠው። የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነሽ። ለልምምድ ማዋለጃ ክፍል ገብተሽ ልብሽ እዚያው ቀረ። አሁን ነርሲንጉን ጥለሽ ሚድዋይፈሪ፣ ማለትም የአዋላጅነት ሙያ፣ ከስር ልትጀምሪ አስበሻል። እናትሽ «ዕድሜሽን ሙሉ ቆመሽ ልታድሪ ነው እንዴ?» ይሉሻል። ደግሞ አንድ የሚከነክንሽ ነገር አለ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ስትጮህ ተረኛው ሲያመናጭቃት አይተሽ ዝም አልሽ። ይህን ሥራ ለምን እንደመረጥሽ ግን የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሕፃናት በጣም ስለምወድ»።

ከሱ ልጀምር። ሕፃን መውደድ ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን በአብዛኛው የእናትየዋ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጡ ከጠናባት በኋላ እንኳ እስከ 12 ሰዓት ልትቆይ ትችላለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያንቺ ሥራ አጠገቧ መሆን፣ መቁጠርና መጻፍ ነው። የፅንሱን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ታዳምጫለሽ። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው፣ ከዚያ ከወጣ ሰው ትጠሪያለሽ። መግፋት ስትጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው ነው። መዳፍሽን ሆዷ ላይ አሳርፈሽ፣ ዓይንሽን ሰዓትሽ ላይ አድርገሽ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምጡ ስንት ጊዜ እንደመጣና እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ትቆጥሪያለሽ። ሆዷ ከእጅሽ ሥር ጠንከር ማለት ሲጀምር አንዳንዴ ፊቷ ገና አልተለወጠም። አንቺ ቀድመሽ ታውቂያለሽ። ይሄኔ «መጣ፣ በአፍሽ ተንፍሺ፣ አለሁ» ማለት ትችያለሽ፤ እመኚኝ፣ ይህ ቃል በሰዓቱ ሲመጣ ለምጠኛዋ ትልቅ ነገር ነው።

ያን ሁሉ ፓርቶግራፍ በሚባለው የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ ታሰፍሪዋለሽ። ተማሪዎች ወረቀቱን የሚሞሉት ለሱፐርቫይዘር ይመስላቸዋል፣ አንዳንዶቹም ከወሊዱ በኋላ ተቀምጠው ይሞሉታል። ይህን ልማድ እንዳትይዢ አደራ። የማህፀን በር መከፈት ሲዘገይ፣ የፅንሱ ልብ ምት ሲወርድ፣ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። በጊዜ ካልታየና ምጡ ተጨናግፎ ከቆየ መዘዙ ከባድ ነው። ከሐዋሳ ብዙም ሳትርቂ ይርጋለም የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለልሽ። ፊስቱላ ማለት ምጡ ሲቆይ በሚደርስ ጉዳት ውስጧ ቀዳዳ ተከፍቶ ሽንት ወይም ሰገራ ሳትቆጣጠረው የሚፈስባት ሕመም ነው። እዚያ የሚታከሙት ብዙዎቹ ሴቶች በጊዜው የሚደርስላቸው አጥተው ለቀናት ያማጡ ናቸው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሚድዋይፎች ኮሌጅ ተጨመረ። ለምን መሰለሽ? ፊስቱላን ከማከም በፊት ምጥ ላይ በሰዓቱ የሚደርስ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሕፃኑ ወጥቶ ያለቀሰ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደሱ ይዞራል። ውጭ እልልታ ነው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። የእናትየዋ አደገኛ ሰዓት ግን ገና መጀመሩ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናቶችን ከሚገድሉ ነገሮች ግንባር ቀደሙ ነው። ለዚህ ነው ሕፃኑ እንደወጣ፣ ሌላ ሕፃን ማህፀኗ ውስጥ አለመኖሩ ሲረጋገጥ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማህፀኗን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ የሚሰጣት። ከዚያም ለሁለት ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው የደም ግፊቷንና የልብ ምቷን ትለኪያለሽ፣ ማህፀኗ መኮማተሩን በእጅሽ ታረጋግጫለሽ፣ ከሥሯ ያለውን ጨርቅ ገልጠሽ ደሙን ታያለሽ። ብርድ ልብሱን ሳትገልጪ «ደህና ናት» ብለሽ አትጻፊ። ሁሉም ሕፃኑን በሚያይበት ሰዓት ዓይኗን ከእናትየዋ የማታነሳ ሰው መሆን ትችያለሽ? መልስሽ አዎ ከሆነ ይህ ሥራ ያንቺ ነው።

ወደ ውሳኔው እንምጣ። የኔ ምክር ነርሲንጉን ጨርሺ ነው። ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም፣ ዲግሪው አራት ዓመት ነው፤ የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፈሽ ፈቃድሽን ያዢ። ግን ልሸፍንልሽ አልፈልግም፤ በብዙ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍሉ የሚድዋይፎች ነው፣ ምደባውም የሚወጣው ለነሱ ነው፣ የነርስ ፈቃድም የሚድዋይፍ ፈቃድ አይሆንም። ነርስ ሆነሽ ከእናቶች ጋር የምትሠሪበት ቦታ ግን አለ። በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች የሚተኙበት ክፍል፣ የማህፀን ሕሙማን ክፍል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክትትል፣ ድንገተኛ። ደም ግፊቷ 140/90 አልፎ ራስ ምታቱ አላስቆም ያላት ነፍሰ ጡር ድንገተኛ ክፍል ስትገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኘው ነርስ ነው። ቆይተሽ በእናቶችና ሥነ ተዋልዶ ጤና ነርሲንግ ማስተርስ መማርም ይቻላል። በገዛ እጅሽ ማዋለድ ካልሆነ ሌላው ሁሉ አያረካኝም ካልሽ ብቻ ነው መቀየሩ ዋጋ የሚኖረው።

ይህን ደግሞ ቤት ተቀምጠሽ አታውቂውም። የልምምድ አስተባባሪሽን ተጨማሪ የሌሊት ተረኝነት ጠይቂ። አንዲት እናት ፈቃደኛ ከሆነች ከገባችበት ሰዓት አንስቶ እስክትወልድና ከወለደችም በኋላ ሁለቱ ሰዓት እስኪያልቅ አብረሻት ቆዪ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሁሉ ነገር ጭር ብሎ ምንም አዲስ ነገር በማይታይበት ሰዓት፣ አሁንም ተነስተሽ ልብ ምቱን ማዳመጥ ታስቢያለሽ ወይስ «ቅድም ደህና ነበር» ብለሽ ታልፊዋለሽ? ራስሽን እዚያ ላይ ታዘቢ።

እናትሽ እውነታቸውን ነው። ማደር አለ፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ደሞዙም ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። አትከራከሪያቸው። ከተመረቁ ነርሶች አንዷን ወስደሽ አስተዋውቂያቸው፣ ደሞዝና ተረኝነቱን ከሷ አፍ ይስሙት።

ስለተመናጨቀችው ሴት። ተማሪ ሆነሽ ተረኛውን በሷ ፊት ብትናገሪው ነገሩ ይብስባታል፤ ግን ዝምታ ብቸኛው ምርጫሽ አልነበረም። ወደ ራስጌዋ ሂጂ፣ እጇን ያዢ፣ ውሃ ስጫት፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ንገሪያት። ከተቻለ እናቷ ወይም እህቷ አብረዋት እንዲገቡ ጠይቂላት፤ ምጠኛ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ቢሆን እንደሚበጅ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። ያየሽውን ደግሞ በኋላ ለአስተማሪሽ ተናገሪ። የተሰደበች እናት ቀጣዩን ልጇን ቤቷ መውለድ ትመርጣለች፤ ጎረቤቶቿንም ታስቀራለች። በተለይ ከገጠር የምትመጣና አማርኛ የማትሰማ እናት ስትጮህ «አትታዘዝም» ይሏታል፣ የተባለችው ሳይገባት። የሲዳማን ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎን፣ ካልቻልሽ አሁኑኑ ጀምሪ። «ተንፍሺ»፣ «አሁን ግፊ»፣ «ቆይ አትግፊ»፣ «የት ጋ ያምሻል?» የሚሉትን ከክፍል ጓደኞችሽ ተማሪ። ሲዳማ ውስጥ ሥራ ስትፈልጊም ይጠቅምሻል።

ይህን ሁሉ አይተሽ አሁንም ሚድዋይፈሪ ካልሽ አልከለክልሽም። ፎርም ከመሙላትሽ በፊት ግን ከወሰድሻቸው ኮርሶች የትኞቹ እንደሚያዙልሽና ስንት ዓመት እንደሚቀርሽ ሬጅስትራር ጠይቂ። መልሱን በቃል አትቀበዪ፣ በጽሑፍ ይስጡሽ።