ማን ነው፣ ለማን ያለው?

ሰሞኑን ቢሮዬ የሚለማመድ አንድ የሕግ ምሩቅ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና "ጋሼ፣ ከሐዲስ ዓለማየሁ አባባሎች የትኛውን ይወዳሉ? ቴሌግራም ላይ ልለጥፈው ነው" አለኝ። አንድ የተዘጋጀ ነገርም አሳየኝ፣ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ፎቶ፣ ከጎኑ ስለ ፍቅር የተጻፈ ዓረፍተ ነገር። ልብወለዳቸውን ፍቅር እስከ መቃብርን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ እንዲህ የሚል ቦታ አላየሁበትም። "ማን ነው፣ ለማን ያለው?" ስለው ዝም አለ። እኔ ላይ ግን የቆየ ቁጭት ተነሳብኝ።

ደሴ ተማሪ እያለሁ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ጫማ ሰፊ ነበሩ፣ ጋሽዬ ነው የምንላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። መጽሐፉን የሚያውቁት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ፣ ከመጻሕፍት ዓለም ላይ ሲተርከው ነው። ሬዲዮው ደግሞ የሳቸው አይደለም፣ ከጎናቸው ያለው ልብስ ሰፊ ነው፣ ያ ሰዓት ሲደርስ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያቆማል፣ ጋሽዬ ወስፌያቸውን መሬት ያስቀምጣሉ፣ ጫማ ሊያስጠግን የመጣውም በአንድ እግሩ እንደቆመ ያዳምጣል። በማግስቱ ላመለጠው ሰው ጋሽዬ ይደግሙለታል። እንደ ወጋየሁ አልነበረም የሚደግሙት፣ ጉዱ ካሳ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ጠጋ ካላልክ አይሰማህም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ እብድ ተብሏል እኮ፣ እብድ የተባለ ሰው እውነቱን የሚናገረው ለሚሰማው ሰው ብቻ ነው" አሉኝ።

ይሄን ከዛ በኋላ የትኛውም መምህር አልነገረኝም። ካሳ ዳምጤ የተማረ ሰው ነው፣ የባላባቱን የዘር ኩራት፣ የደሃውን መገፋት፣ ልማድ ሁሉ እንደ ሕግ መቆጠሩን ፊት ለፊት ስለተናገረ ነው "ጉዱ" የሚል ቅጥያ የወጣለት። ንግግሩን ቆርጣችሁ ባማረ ፎቶ ላይ ስትለጥፉት ያ ስም ይጠፋል፣ የከፈለው ዋጋም አብሮ ይጠፋል። ክቡር ዶክተር ሐዲስም ቢሆኑ ከራስ እምሩ ጋር ጣልያንን ተዋግተው፣ ተማርከው ጣልያን አገር ዓመታት ታስረው የመጡ ሰው ናቸው፣ መጽሐፉን ያወጡት 1958 ነው፣ ንጉሡም ባላባቱም ባሉበት ጊዜ! እና ያንን ሐሳብ ለማን አፍ እንደሚሰጡት አስበውበት ነው ባይ ነኝ።

ጋሽዬን ግን ከሁሉ በላይ የሚያብሰለስላቸው የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ስለት ነበር። እናትና አባቱ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ፣ ልጃችን ካደገ ለቤተክርስቲያን እንሰጣለን ብለው የተሳሉት። ጋሽዬ ሙስሊም ናቸው። "ያ ረቢ! ልጁን ማን ጠየቀው?" ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ግን እናትም እናት ናት" ይላሉ። ወሎ ውስጥ ይሄ የሩቅ ታሪክ አይደለም፣ ግሸን ማርያም የሚሳል አለ፣ ሙስሊሙ ደግሞ ገታም ጀማ ንጉሥም የሚሳል አለ፣ የጎጃሙን ልብወለድ ሰኞ ገበያ ላይ የራሳችን ያደረገው ይሄ ይመስለኛል።

የአጎቴ ልጅ ከአሰብ ቴፕ ይዞ ሲመጣ ጋሽዬን ልንቀዳቸው ተነጋገርን፣ ካሴቱም ተገዛ፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው "ከስለቱ ነው የምጀምረው" አሉ። ሳምንቱ ሳይደርስ ታመሙ፣ ልጃቸው ጋ ከሚሴ ወሰዷቸው፣ እዛው አረፉ። ያ ዝቅ ያለ የጉዱ ካሳ ድምፅ የትም የለም አሁን። ይሄን ስጽፍ ራሱ ይከነክነኛል።

የዛሬ ልጆች ጥቅስ ትወዳላችሁ፣ መጽሐፍ አትወዱም። ይሄን ስል ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ ግን እያየሁት ነው፣ ገጽ ሦስት ላይ ሳይደርሱ ስለ ሰብለወንጌል ፍቅር የሚጽፉ አሉ፣ ሰብለ እኮ መነኩሴ መስላ በእግሯ በዛብህን ፍለጋ የወጣች፣ ስታገኘውም ሊሞት ሲያጣጥር ያገኘችው ሴት ናት፣ ለፕሮፋይል ፒክቸር ማድመቂያ አይደለችም። ተቆርጦ የወጣ ጥቅስ አልወድም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ራሴ ወደ መጽሐፉ የገባሁት ከጋሽዬ አፍ በሰማሁት ቁራጭ ነው፣ ስለዚህ አትለጥፉ ማለትም አልችል። ስትለጥፉ የተናጋሪውን ስምና የሚያዳምጠውን ሰው ከሥሩ ጻፉ። መጽሐፉ ውስጥ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ደግሞ በደራሲው ስም አታውጡ፣ ሞተው የማይከራከሩ ሰው ናቸው።

አንብቡ፣ ቋንቋችሁ ይሻሻላል ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ ከወፈረባችሁ የወጋየሁ ትረካ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ከእናታችሁ ወይ ከአያታችሁ ጋር ቡና ላይ ክፈቱት፣ ከአቦል እስከ በረካ ብዙ ይሄዳል። ያኔ በሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፣ ስለቱ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሉ ስሙ፣ ስልካችሁም ይቀዳል፣ ቅዷቸው።