ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣን ሕመም ለማስታገስ የጎድን ነርቭን ስለማቀዝቀዝ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሚቀደደው ሳንባ ነው። የጎድንን ነርቭ ማቀዝቀዝ ምን አመጣው?

መልስ፦ ከባዱ ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከሳንባው ሳይሆን ከደረት ግድግዳ ነው። መሣሪያዎቹ የሚገቡት በጎድን አጥንቶች መካከል ነው፤ ነርቩ ደግሞ ከእያንዳንዱ አጥንት የታችኛው ጠርዝ ሥር ያልፋል። እሱ ሲጨፈለቅ ወይም ሲለጠጥ ነው የሚያንገበግበው።

ጥያቄ፦ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ታካሚው በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ፣ ሐኪሙ በደረቱ ውስጥ በኩል የቀጭን ዘንግ ጫፍ ነርቩ ላይ ያሳርፋል። ብዙ ጊዜ በዘንጉ ውስጥ የሚያልፈው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። የታመቀው ጋዝ ጫፉ ላይ ሲሰፋ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 60 እና 70 ዲግሪ ይወርዳል። ነጭ በረዶ ነርቩን ይሸፍነዋል። 2 ደቂቃ ገደማ ይቆይና ወደ ቀጣዩ ነርቭ ይታለፋል።

ጥያቄ፦ ነርቩ ሞቶ ይቀራል እንዴ?

መልስ፦ አይቀርም። የውስጡ ክር ይበጠሳል፤ ሽፋኑ ግን ይተርፋል። ክሩ በዚያው ሽፋን ውስጥ በቀን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሕመሙን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚያስታግሰው።

ጥያቄ፦ እናቴ ይህ ከተደረገላት ሌላ ማስታገሻ ይቅርባት?

መልስ፦ በፍጹም እህቴ! ሙሉ ኃይሉ እስኪመጣ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌና ሌሎች ማስታገሻዎች ያስፈልጓታል። የትከሻ ሕመም ደግሞ በሌላ ነርቭ በኩል ስለሚመጣ ይህ አያቆመውም። «ልቻለው» ብላ ዝም እንዳትል አደራ። ካመማት በደንብ አትስልም፤ ካልሳለች አክታው ይጠራቀምና የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ ትሳል፣ በጥልቀትም ትተንፍስ።

ጥያቄ፦ ከኤፒዱራል (በጀርባ በኩል አከርካሪ አጠገብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ከሚሰጠው ማደንዘዣ) ይሻላል?

መልስ፦ ኤፒዱራል የደም ግፊት ሊያወርድና ሽንት ሊያስቸግር ይችላል፤ ይሄ እነዚያ የሉበትም። ግን አንዱ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጉዳትስ?

መልስ፦ የደረት ቆዳና ጡት አካባቢ ይደነዝዛል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በደነዘዘው ቦታ ላይ የሞቀ ውኃ ጎማ አታድርጉ፤ ሳይታወቃችሁ ያቃጥላችኋል። አንዳንድ ሰው ላይ ነርቩ ሲመለስ የማቃጠል ወይም የመውጋት ስሜት ይመጣል። ይህን ለመሰለው ሕመም የተለየ መድኃኒት ስላለ ለሐኪም ንገሩ። ብርድ ሲነካው ቆዳው የሚያብጥ ሰው ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማሳወቅ አለበት።